መሪ ሥልጣኑን አላግባብ ሲጠቀም በምን መንገድ ይጠየቃል?

አንድ መሪ ወይም ሚኒስትር ሥልጣኑን አላግባብ ተጠቀመ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጉቦ ነው። ጉቦ ግን ከሌላው በደል ይልቅ ለማስረዳት ይቀላል፤ ገንዘቡ የወጣበትም የገባበትም ቦታ አለ። ከባዱ በደል የሚፈጸመው በራሱ በሕጋዊው ሥልጣን ነው። ሥራ አስፈፃሚው ይሾማል፣ ይሽራል፤ በጀት ይለቃል፣ ይይዛል፤ ጦር ያሰማራል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያውጃል፤ ሰነድን «ምስጢር» ብሎ ይቆልፋል፤ ለተፈረደበት ይቅርታ ያደርጋል። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ ሕግ ፈቅዶለታል። አንድን የፖሊስ አዛዥ መሻር መብቱ ነው። የሻረው የዘመዱን ፋይል ስለከፈተበት ከሆነ ግን ያው ድርጊት በደል ይሆናል። ፊርማው፣ ማኅተሙ፣ ደብዳቤው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ምክንያቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «አድርጓል ወይ?» አይደለም፤ ማድረጉን ራሱም አይክድም። ጥያቄው «ለምን አደረገው? ማን ያውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ነው። መልሱ ያለው በቃለ ጉባኤ፣ በደብዳቤ፣ በስልክ መዝገብ፣ ትእዛዙን በተቀበለው ሰው አንደበት ነው። እነዚህ ማስረጃዎች ደግሞ የተቀመጡት በራሱ በተጠያቂው ወይም በበታቾቹ እጅ ነው። የመሪን ጉዳይ ከሌላ ሰው ጉዳይ የሚለየው ይህ ነው። የተሳኩትንና የከሸፉትን ጉዳዮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው፣ ልዩነቱ የሚጀምረው ከሕጉ ጥብቅነት ሳይሆን «ሰነዱን አውጣ» ብሎ የሚያዝ፣ ሲያዝም የሚታዘዙለት አካል ከመኖሩና ካለመኖሩ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምክር ቤት መንገድ

ጠቅላይ ሚኒስትር ባለበት ሥርዓት ምክር ቤቱ መሪውን ለማውረድ ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። የመተማመኛ ድምፅ መንፈግ ይበቃል፤ ለዚያም አብላጫ ድምፅ በቂ ነው። ጀርመን አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨምራበታለች፦ በመሠረታዊ ሕጓ አንቀጽ 67 መሠረት ምክር ቤቱ መራሔ መንግሥቱን ማውረድ የሚችለው በዚያው ድምፅ ተተኪውን ሲመርጥ ነው። በ1982 ሄልሙት ሽሚት ወርደው ሄልሙት ኮል የተተኩት በዚህ መንገድ ነው። አገር ያለ መንግሥት እንዳትቀር ይጠቅማል፤ በሌላ በኩል ግን በተተኪ ያልተስማማ ተቃዋሚ፣ ጥፋት ቢያይም እጁ የታሰረ ነው።

ፕሬዚዳንት ባለበት ሥርዓት ነገሩ ይከብዳል። በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፣ ሴኔቱ ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልፈረደ ፕሬዚዳንቱ አይወርድም። አንድሩ ጆንሰን በ1868 በ35 ለ19 ድምፅ ተረፉ፤ 36 ቢሆን ይወርዱ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ በ2021 ሁለተኛ ጊዜ ሲከሰሱ 57 ሴናተሮች ጥፋተኛ ናቸው፣ 43ቱ አይደሉም አሉ፤ የሚያስፈልገው 67 ነበር። እስካሁን በሴኔት ፍርድ የወረደ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሚፈርዱት ሰዎች የፓርቲ አባላት ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ከራሱ ፓርቲ ሰው ሳይለይ አይሞላም።

ደቡብ ኮሪያ ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች። ከ300 የምክር ቤት አባላት 200ው ከደገፉ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቅጽበት ከሥራ ይታገዳል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ነው፤ ከዘጠኙ ዳኞች ቢያንስ ስድስቱ መስማማት አለባቸው። ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ በዲሴምበር 2016 በ234 ለ56 ድምፅ ታገዱ፣ በማርች 2017 ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 አነሳቸው። ይህ አሠራር ከአሜሪካው የተሻለ ነው ብለን በድፍረት እንናገራለን። ሴናተር «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ ይቀመጣል፤ ዳኛ ግን ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ገጽ በገጽ መጻፍ ግዴታው ነው። የተጻፈው ምክንያት ለሚቀጥለው መሪ ወሰኑ የት እንደሆነ ያሳየዋል።

አንድ ሌሊት በሴኡል

ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በቴሌቪዥን ቀርበው አገሪቱ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር መዋሏን አወጁ። ተከትሎ የወጣው ትእዛዝ የምክር ቤቱን ሥራ ጭምር የሚያግድ ነበር። የኮሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 ግን አንድ መውጫ አለው፦ ከጠቅላላው አባላት አብላጫው አዋጁ ይነሳ ካሉ ፕሬዚዳንቱ ማንሳት አለበት። ከ300 አብላጫው 151 ነው። እንግዲህ የዚያ ሌሊት ጉዳይ በሙሉ 151 ሰው ወታደር ሳይቀድመው አዳራሹ ውስጥ መግባቱ ላይ ተንጠለጠለ።

አፈ ጉባኤውን ጨምሮ አባላቱ አጥር እየዘለሉ ገቡ። ሄሊኮፕተር ወታደሮችን አራገፈ፤ መስኮት ተሰበረ፤ የምክር ቤቱ ሠራተኞች ኮሪደሩን በወንበርና በጠረጴዛ ዘጉ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ 190 አባላት ተገኙ፤ 190ውም አዋጁ ይነሳ አሉ። ሊነጋጋ ሲል አዋጁ ተነሳ።

ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ዩንን በ8 ለ0 ሲያነሳ ከቆጠራቸው ጥሰቶች ውስጥ ብዙ ሰው ልብ ያላለው የአሠራር ጉዳይ ነበረ። አዋጁ በሚኒስትሮች ስብሰባ በወጉ አልተመከረበትም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ አልፈረሙበትም፣ ለምክር ቤቱም አልተነገረም። «ይህ የቢሮ ወረቀት ነው» ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። ፊርማ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ሚኒስትር «ልፈርም ወይስ ልልቀቅ?» ብሎ እንዲያስብ ነው፤ ፈርሞ ከተገኘም እንዲጠየቅበት ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የሆነውም ትምህርት አለው። ዲሴምበር 7 በቀረበው የመጀመሪያ የማገድ ሙከራ የገዢው ፓርቲ አባላት አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ የቀሩት 195 ብቻ ስለነበሩ ድምፁ ዋጋ አጣ። ከሳምንት በኋላ 204 ድምፅ ተገኘ። በአካል አለመገኘት ራሱ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ሕግ ሲረቀቅ የሚቆጠረው «ከተገኙት» ነው ወይስ «ከጠቅላላው አባላት» የሚለው ቃል እንደ ቀላል መታለፍ የለበትም።

ሰውየውን ሳይሆን ውሳኔውን መሻር

ከሁሉም ፈጣኑ መንገድ መሪውን ሳይነኩ ድርጊቱን በፍርድ ቤት ማፍረስ ነው። ኦገስት 2019 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምክር ቤቱ ለአምስት ሳምንት ያህል እንዲዘጋ ንግሥቲቱን አማከሩ። አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት ቀን ሊደርስ ነበርና ምክር ቤቱ የሚመክርበት ጊዜ በብርቱ አጠረ። ሴፕቴምበር 24 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ11 ዳኞች ሙሉ ስምምነት ውሳኔው ከመነሻው እንዳልተደረገ ይቆጠር አለ፤ ምክር ቤቱ በማግስቱ ተከፈተ። አንድም ሰው አልታሰረም፣ አንድም ሰው አልተሻረም፤ በደሉ ግን ቆመ።

ዳኞቹ እዚህ የደረሱት የጠቅላይ ሚኒስትሩን ልብ መርምረው አይደለም። ያሉት ይህን ነው፦ ምክር ቤትን ያህል ነገር ለዚህን ያህል ጊዜ ለመዝጋት በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፣ መንግሥትም ያን ምክንያት አላቀረበልንም። ከመንግሥት ወገን ቀርቦ ምክንያቱን በመሐላ ቃል ያስረዳ ሰው አልነበረም። ጠበቆች ይህን አካሄድ ቢያጠኑት ይጠቅማቸዋል። የመሪውን ክፉ ሐሳብ ማስረዳት ሲያቅት፣ ሸክሙን ወደ መሪው ማዞር ይቻላል፦ «ሥልጣኑ ያንተ ነው፤ ምክንያቱን አንተ ተናገር።»

ይህ መንገድ የሚደናቀፈው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ከሳሹ ነው፤ ብዙ ፍርድ ቤቶች በቀጥታ ያልተጎዳን ሰው «አያገባህም» ብለው ይመልሱታል። ሁለተኛው «ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው» የሚለው የመንግሥት መከራከሪያ ነው። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ድርጊቱ ተፈጽሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ክሱ በቀረበበት ዕለት የእግድ ማመልከቻ አብሮ መግባት አለበት።

ተቆጣጣሪው የሚያስገድድ ነው ወይስ የሚመክር?

የእንባ ጠባቂ ተቋም ከስዊድን ነው የመጣው፤ የመጀመሪያው በ1809 ተቋቋመ። ዛሬ ብዙ አገሮች እንባ ጠባቂ፣ ዋና ኦዲተር፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽን አላቸው። መኖራቸው ብቻ ግን ብዙ አይነግረንም። ማን ሾማቸው፣ በጀታቸውን ማን ይይዛል፣ ሪፖርታቸውን ማን መጀመሪያ ያያል፣ ግኝታቸው ያስገድዳል ወይስ ምክር ነው የሚለውን ማየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጥያቄ በደቡብ አፍሪካ እስከ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደርሷል። በፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ የግል መኖሪያ፣ በንካንድላ፣ ለጥበቃ ተብሎ ከ200 ሚሊዮን ራንድ በላይ የመንግሥት ገንዘብ ወጣ። የአገሪቱ እንባ ጠባቂ የሆኑት የሕዝብ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ በማርች 2014 ባወጡት ሪፖርት የመዋኛ ገንዳው፣ የከብት በረቱ፣ የዶሮ ቤቱ፣ የእንግዳ መቀበያውና ክብ መድረኩ ከጥበቃ ጋር አይገናኙም፣ ፕሬዚዳንቱ ድርሻቸውን ይመልሱ አሉ። የፖሊስ ሚኒስትሩ ሌላ ጥናት አስደርጎ ገንዳው እሳት ለማጥፊያ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው አለ፤ ምክር ቤቱም በአብላጫ ድምፅ ፕሬዚዳንቱ ዕዳ የለባቸውም አለ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማርች 31 ቀን 2016 ፍርድ ቤቱ የሕዝብ ጠባቂዋ ውሳኔ በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ ይጸናል፣ ፕሬዚዳንቱም ምክር ቤቱም ሕገ መንግሥቱን ጥሰዋል ብሎ ወሰነ። ግምጃ ቤቱ ድርሻቸውን 7.8 ሚሊዮን ራንድ ገደማ አድርጎ ተመነ፤ ገንዘቡም በዚያው ዓመት ተከፈለ።

በዚህ ጉዳይ ወሳኙ ነገር የሪፖርቱ አጻጻፍ ነበር። «ብክነት ታይቷል» የሚል ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህኛው ግን የትኛው ግንባታ፣ በየትኛው ደንብ፣ በማን ፈቃድ፣ ማን ምን ይመልስ ብሎ ዘርዝሮ ነበር። ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው የሚችለው እንዲህ የተጻፈውን ብቻ ነው።

የማስረጃ ጉዳይ

ዋተርጌትን፣ ማለትም በ1972 ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰርጎ በመግባት ተጀምሮ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ሥልጣን ያስለቀቀውን ቅሌት፣ ሁሉም ያውቀዋል። መታየት ያለበት ግን የሰነዱ ታሪክ ነው። በጁላይ 1973 አንድ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን በሴኔት ኮሚቴ ፊት፣ ሪቻርድ ኒክሰን ቢሯቸው ውስጥ የሚነገረውን በድብቅ እንደሚቀዱ ተናገረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክርክሩ «ማን ይዋሻል?» መሆኑ ቀርቶ «ቴፑን ማን ያወጣል?» ሆነ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ አርኪባልድ ኮክስ ቴፑን ሲጠይቁ ኒክሰን በኦክቶበር 20 እንዲባረሩ አዘዙ። የፍትሕ ሚኒስትሩ አላባርርም ብለው ለቀቁ፤ ምክትላቸውም እንዲሁ፤ ሦስተኛው ሰው ትእዛዙን ፈጸመ። መርማሪን ተመርማሪው የሚሽረው ከሆነ የሚመጣው ይህ ነው። የሕዝቡ ቁጣ ሌላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ አስሾመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 24 ቀን 1974 በ8 ለ0 ቴፑ ይሰጥ አለ። በኦገስት መጀመሪያ አንዱ ቴፕ ለሕዝብ ሲወጣ ኒክሰን ገና በጁን 1972 ምርመራው እንዲታፈን ሲስማሙ ተሰማ። ኦገስት 9 ሥልጣን ለቀቁ። በሌላው ቴፕ ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ያህል ድምፅ ጠፍቶ ነበር፤ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ወረቀት የግል ንብረታቸው ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1978 የወጣው ሕግ የሕዝብ ንብረት አደረገው። የዛሬው ፈተና በግል ስልክ የሚሰጥ ትእዛዝና ራሱን የሚያጠፋ መልእክት ነው። በግል ስልክ የተጻፈም ቢሆን የመንግሥት ሥራ ከሆነ የመንግሥት ሰነድ ነው የሚል፣ ማጥፋትንም ራሱን የቻለ ጥፋት የሚያደርግ ሕግ ከሌለ፣ መርማሪ የሚደርሰው ባዶ መዝገብ ላይ ነው።

የጽሑፍ ትእዛዝ ባይገኝስ? በፔሩ የቀድሞው ፕሬዚዳንት አልቤርቶ ፉጂሞሪ በባሪዮስ አልቶስ በ1991 ለተገደሉት 15 ሰዎችና በላ ካንቱታ በ1992 ለተገደሉት 10 ሰዎች ሲከሰሱ «ግደሉ» የሚል ፊርማ አልተገኘም። ፍርድ ቤቱ በ2009 የ25 ዓመት እስራት የፈረደባቸው የግድያ ቡድኑን በጀት፣ የዕዝ ሰንሰለቱን፣ ለገዳዮቹ የተሰጠውን ሽፋን አያይዞ ነው፤ መዋቅሩን በእጁ የያዘ ሰው በመዋቅሩ ለተፈጸመው ይጠየቃል በሚል መርህ። የቻዱ የቀድሞ መሪ ሂሴን ሐብሬም በዳካር በ2016 ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው ትልቅ ድርሻ የነበረው፣ በ2001 በንጃሜና በተተወ የፖሊሶቻቸው ጽሕፈት ቤት ወለል ላይ ተበትኖ የተገኘው የሰነድ ክምር ነው። በአንጻሩ በኬንያው ኡሁሩ ኬንያታ ላይ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የቀረበው ክስ በዲሴምበር 2014 በማስረጃ እጦት ተነሳ፤ ዐቃቤ ሕጓ መንግሥት የተጠየቀውን ሰነድ አልሰጠም ብለው አማርረዋል። ኬንያታ ክሱን ሲክዱ ኖረዋል።

ያለመከሰስ መብት

ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንዱ ከወንበሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ መሪው በሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ አይከሰስም፣ ሲወርድ ያበቃል። ሌላው ከድርጊቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ በሥራው ለፈጸመው ከወረደም በኋላ አይከሰስም። የመጀመሪያው ሥራ እንዳይስተጓጎል ይረዳል፤ አደጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 በ6 ለ3 ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት በዋና ሕገ መንግሥታዊ ሥልጣኑ ለሠራው ፈጽሞ አይከሰስም፣ ለሌላው የሥራ ድርጊቱም ከሳሹ እስካላፈረሰው ድረስ ጥበቃ አለው ተብሎ ይገመታል አለ። ይህ ውሳኔ ከላይ ያልነውን በር ይዘጋል፦ በደሉ የሚፈጸመው በሕጋዊው ሥልጣን ከሆነና ለዚያ ሥልጣን ዓላማው የማይጠየቅ ከሆነ፣ የሚቀረው ትንሽ ነው።

የወንበሩ ጥበቃ ባለበት አገር አንድ ነገር መረጋገጥ አለበት፦ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ቆጠራ፣ መቆሙ። ፈረንሳይ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 67 ይህን ጽፋለች። ዣክ ሺራክ የፓሪስ ከንቲባ ሳሉ ለተፈጸመ የሐሰት ቅጥር በ2011 የሁለት ዓመት የገደብ እስራት የተፈረደባቸው ሁለት የፕሬዚዳንትነት ዘመን ከጨረሱ በኋላ ነው። ይርጋው ባይቆም ኖሮ ሥልጣን ላይ መቆየት ብቻውን ነፃ ያወጣ ነበር።

ከድንበር ውጭ፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አንቀጽ 27 ሥልጣን መከላከያ አይሆንም ይላል፤ ፍርድ ቤቱ ግን የራሱ ፖሊስ የለውም፣ የሚይዙለት አገሮች ናቸው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በዲሴምበር 2006 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በሌሉበት ነው፤ ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። ከስምምነቱ መውጣት ግን የኋላውን አይሰርዝም፦ ፊሊፒንስ በ2019 ብትወጣም የቀድሞ ፕሬዚዳንቷ ሮድሪጎ ዱቴርቴ አባል ሳለች ተፈጽሟል በተባለው ወንጀል በማርች 2025 ተይዘው ወደ ሄግ ተላኩ።

ይቅርታስ? ተተኪው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለኒክሰን ይቅርታ ያደረጉት ኒክሰን ከለቀቁ ከአንድ ወር በኋላ፣ ክስ ሳይመሠረት ነው። ፓርክ ጉን ሄ ይቅርታ ያገኙት በዲሴምበር 2021 ነው፤ ተከስሰው፣ ምስክር ተሰምቶ፣ 20 ዓመት እስራት በመጨረሻው ፍርድ ቤት ከጸና በኋላ። ሁለቱም ይቅርታ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ግን የችሎት መዝገቡን ሳይወለድ ያስቀረዋል፣ ሁለተኛው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ቅጣቱን ብቻ ያነሳል። ይቅርታን ከፍርድ በፊት የሚከለክል አንቀጽ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ትእዛዙን የሚቀበለው ሰው

መሪ ብቻውን የሚፈጽመው በደል የለም። በመሐል ሁልጊዜ ዳይሬክተር፣ ሒሳብ ሹም፣ የሻለቃ አዛዥ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚረዳው አሠራር ቀላል ነው፦ አጠራጣሪ ትእዛዝ በቃል ሲመጣ «በጽሑፍ ይላክልኝ» ማለት። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። ካልተላከና ጫናው ከቀጠለ፣ በዚያው ቀን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን መንገድ፣ በምን ቃል እንዳዘዘ ጽፎ፣ ቀንና ፊርማ አኑሮ፣ ቅጂውን ሕግ ለሚፈቅድለት ተቆጣጣሪ መስጠት። ሐሳብና ግምት ከተሰማው ቃል ጋር አይቀላቀል፤ «ሊያስሩት ፈልገው ይመስለኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሌላውንም ያስጠረጥራል።

በሴኡሉ ሌሊት የስለላ ድርጅቱ ምክትል ኃላፊ ሊያዙ የታሰቡ ፖለቲከኞችን ስም በስልክ ሲነገራቸው በማስታወሻ ያዙ። ያ ዝርዝር በሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። የፕሬዚዳንቱ ጠበቆችም ስሞቹን ትተው ወረቀቱን ያዙ፦ የት ተጻፈ? በስንት ሰዓት? ማን ገለበጠው? የመጀመሪያው ቅጂ የታለ?